ቁልፍ ተከላካይ ምንድን ነው? በ18 ዓመቱስ እንዴት ይመዘናል?

በአውስትራሊያ ፉትቦል ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት መድረክ፣ ከሁሉ በላይ የሚያጨቃጭቀው ልጅ ማን ነው ብትሉኝ፣ ረጅሙ የ18 ዓመት ተከላካይ ነው እላለሁ። አማካዩን መመዘን አይከብድም። ኳስ ይነካል፣ ይሮጣል፣ ቁጥሩ ይታያል። አጥቂው ጎሉ ይናገርለታል። ተከላካዩ ግን ሥራውን በደንብ በሠራበት ቀን ብዙም የሚታይ ነገር የለም። ኳሷ ወደ እሱ አትላክም፤ የያዘው አጥቂ ስሙ ሳይጠራ ጨዋታው ያልቃል። ታዲያ ሳይሆን የቀረን ነገር እንዴት ይለኩታል?

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ልበል። ሜልበርን ምዕራብ፣ ፉትስክሬይ አካባቢ የምትኖሩ ሐበሾች ይህን አንቀጽ ዝለሉት። የዌስተርን ቡልዶግስ ቤት ሰፈራችሁ ነው፤ ልጆቻችሁ ከእኔ በላይ ያስረዷችኋል። ለሌሎቻችን፦ ሜዳው ሞላላ ነው። ከየቡድኑ 18 ሰው ይሰለፋል። በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቋሚ ተተክሏል። ኳሷን በመሀለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል መትቶ ያሳለፈ 6 ነጥብ ያገኛል፤ በጎን ካለፈች 1 ብቻ። በእግር ተመትታ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የተጓዘችን ኳስ መሬት ሳትነካ የጨበጠ ሰው «ማርክ» አገኘ ይባላል። ያኔ ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ ይመታል። ኦፍሳይድ ደግሞ የለም። ይህችን ያዙልኝ። የእኛ እግር ኳስ ተከላካይ ሲያመልጡት እጁን አንስቶ ወደ መስመር ዳኛው ይዞራል፤ እዚህ ግን የሚዞሩበት ዳኛ የለም።

ስለዚህ 2 ሜትር የሚጠጋ አጥቂ ከጎሉ 30 ሜትር ርቀት ላይ ማርክ ካገኘ፣ ነጥቡ ገባ ብላችሁ ቁጠሩት። ይህ እንዳይሆን የሚቆመው ረጅም ሰው ነው ቁልፍ ተከላካይ የሚባለው፤ እነሱ «ኪይ ዲፌንደር» ይሉታል። አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ያሰልፋል። ከጎሉ ፊት ለፊት የሚቆመው «ፉል ባክ» ነው። ከእሱ ወጣ ብሎ ያለው «ሴንተር ሃፍ ባክ» ይባላል። አብዛኞቹ ከ190 ሴንቲ ሜትር በላይ ናቸው፤ 2 ሜትር ያለፉም አሉ።

ድሮ ሥራው ግልጽ ነበር። አንድ አጥቂ ይሰጥሃል፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ከእሱ አትለይም። የካርልተኑ ስቴፈን ሲልቫኚ በዚህ ሥራ የተከበረ ስም ነው። በ1996 የክፍለ ዘመኑ ቡድን ሲመረጥ የፉል ባክን ቦታ የወሰደው እሱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ግን ሰው መያዝ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ማቋረጥ ነው፦ የራስን ሰው ትቶ ሄዶ፣ ለሌላ አጥቂ የተላከችውን ኳስ አየር ላይ መንጠቅ። የሪችመንዱ አሌክስ ራንስ ከ2014 እስከ 2018 ድረስ አምስት ጊዜ በተከታታይ በዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ የተካተተው በዋናነት በዚህ ችሎታው ነው።

ማቋረጥ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማየት የ2018ን የዋንጫ ፍጻሜ መመልከት ይበቃል። ዌስት ኮስት በኮሊንግዉድ እየተመራ ነው፤ ሰዓቱ እያለቀ ነው። የዌስት ኮስቱ ጄረሚ መክገቨርን በራሱ ጎል በኩል ዘሎ ኳሷን ጨበጠ። ከዚያ ኳሷ በሁለት ሰው አልፋ ዶም ሺድ ጋ ደረሰች። ሺድ ከጠርዝ፣ ከከባድ ማዕዘን መትቶ አስገባ። ዌስት ኮስት በ5 ነጥብ ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። ሁሉም የሚያስታውሰው የሺድን ምት ነው። መልማዮች ግን የመክገቨርንም ይቆጥራሉ።

እንግዲህ የሥራው ሁሉ ቁልፍ አንዲት ጥያቄ ናት፦ ልተወው ወይስ ልቆይ? ሰውህን ትተህ ኳሷን ካገኘህ ጀግና ነህ። ትተህ ካላገኘህ አጥቂህ ብቻውን ቆሞ ጎል ያገባል፣ ካሜራውም አንተን ያሳያል። ውሳኔው የሚወሰነው ኳሷ ከመቺው እግር ሳትወጣ ነው። መቺው ተጨንቋል ወይስ ተረጋግቷል? በየትኛው እግሩ ሊመታ ነው? አጥቂዬ ወዴት ሊሮጥ ነው? ኳሷ አየር ላይ ከወጣች በኋላ የሚያስብ ተከላካይ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። እኔ በበኩሌ አንድን ወጣት ስመዝን ከዝላዩም ከቁመቱም በፊት የማየው ይህን ነው።

ወደ ድራፍቱ እንምጣ። ሊጉ፣ ማለትም ኤኤፍኤል፣ 18 ክለቦች አሉት። ብሔራዊው ድራፍት ከ1986 ጀምሮ አለ፤ አሁን አሁን አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር ይካሄዳል። በመርህ ደረጃ መጨረሻ የወጣው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፤ ዋንጫ ያነሳው ወደ ኋላ ይቀራል። ክለቦች ተራቸውን ስለሚለዋወጡ በተግባር ዝብርቅርቁ የወጣ ነው። ልጁ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 18 ዓመት መሙላት አለበት። ይህች ቀን ተራ ነገር ትመስላለች፣ ግን አይደለችም። ጃንዋሪ የተወለደና ዲሴምበር የተወለደ ልጅ በአንድ ድራፍት ይቀርባሉ። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ማለት በትከሻና በወገብ ላይ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ደካማ የመሰለ ረጅም ልጅ ካያችሁ መጀመሪያ የልደት ወሩን ጠይቁ።

አሁን ቁጥሮቹን እንይ። ስለ ወጣት ተከላካይ ሲወራ ቶሎ የሚጠቀሰው «በጨዋታ ስንት ኳስ አቋረጠ» የሚለው ነው። እኔ ይህን ቁጥር ለብቻው አላምነውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቪክቶሪያ ልጆች ከ18 ዓመት በታች በሚጫወቱበት ኮትስ ታለንት ሊግ ውስጥ ደካማ ቡድን ያለው ተከላካይ ቀኑን ሙሉ ኳስ ይዘንብበታል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢያቋርጥ ምን ይገርማል? የጠንካራ ቡድን ተከላካይ ደግሞ በጨዋታው አምስቴ ብቻ ይፈተን ይሆናል። በተጨማሪም የልጆቹ አማካዮች በጭንቀት ጊዜ ኳሷን ዝም ብለው ወደ ፊት ይጥሏታል። እንዲህ ያለ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ኳስ ለተከላካይ ስጦታ ነው። በኤኤፍኤል እንዲህ ያለ ስጦታ በየደቂቃው አይገኝም። አማካዩ ዓይኑን አንስቶ አጥቂው ወደሚሮጥበት ባዶ ቦታ ዝቅ አድርጎ ይልካታል።

ስለዚህ የተሻለው ጥያቄ ከስንት ዕድል ስንቱን የሚለው ነው። ከዚያም በላይ የሚጠቅመው አንድ ለአንድ ሲፋለም ስንቱን ተሸነፈ የሚለው ነው። ልብ በሉ፣ ስንቱን አሸነፈ አላልኩም። ተከላካይ ማሸነፍ የለበትም። ኳሷን በቡጢ መትቶ መሬት ላይ ካወረዳት ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረውን ትንንሾቹ ጓደኞቹ ይጨርሱታል። ሁሉንም ኳስ መጨበጥ የሚፈልግ ልጅ በቪዲዮ ቅንጭብ ላይ ያምራል፣ አሰልጣኙን ግን ያስረጃል።

አካል ላይ ስንመጣ ወጥመዱ ቁመት ነው። 196 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ በ17 ዓመቱ ክንዱን ዘርግቶ ብቻ ያሸንፋል። እግሩን በትክክል ሳያስቀምጥ፣ በወገቡ ቦታ ሳይዝ፣ ዘግይቶ ደርሶም ኳሷን ይነካታል። ከዚያ በአዋቂዎቹ ሊግ እንደ ጂሎንጉ ቶም ሃውኪንስ ያለ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ አጥቂ ይገጥመዋል። ሃውኪንስ አሁን ጫማውን ሰቅሏል፣ ግን ዓይነቱ አላለቀም። እንዲህ ያለው ሰው ኳሷ ከመድረሷ ሁለት ሰከንድ በፊት በጀርባው ገፋ አድርጎ ልጁን ከመውደቂያዋ ቦታ ያስወጣዋል። እጅ ቢረዝም ምን ያደርጋል? መጎተት ቅጣት ነው፣ ከጀርባ መግፋት ቅጣት ነው፣ የአጥቂውን ክንድ መምታትም ቅጣት ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ስታዩ ኳሷን ተዉና እግሩን ተመልከቱ። ሲገፋ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል? ከተገፋ በኋላ ተመልሶ ይዘላል? ኪሎ በጂም ይመጣል፤ ይህ ግን በጂም አይመጣም።

የድራፍት ኮምባይን የሚባል የፈተና መድረክም አለ። የ20 ሜትር ሩጫ፣ ቆሞና ተንደርድሮ መዝለል፣ የ2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይለካል። 20 ሜትሩን በ3 ሰከንድ አካባቢ የሚጨርስ ረጅም ልጅ ጥሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ቀጥታ ሩጫው ለቁልፍ ተከላካይ ብዙም አይነግረኝም። የእሱ ፈተና ዞሮ መነሳት ነው። አጥቂው ወደ መቺው ሮጦ ድንገት ወደ ጎሉ ሲታጠፍ፣ ልጁ ያንን ረጅም አካል አዙሮ ምን ያህል ቶሎ ይነሳል?

በእግር መምታትም ቸል የሚባል ነገር አይደለም። ድሮ ተከላካይ ኳሷን ካጠፋ ይመሰገን ነበር። አሁን ማጥቃቱ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ነጥቆ ወዲያው ለተጋጣሚ መልሶ የሚሰጥ ልጅ ባይነጥቅ ይሻል ነበር፤ ቡድኑ ለማጥቃት ተበትኖ ሳለ ኳሷ ትመለስበታለችና።

ይህ ሁሉ ሆኖም ክለቦች ቁልፍ ተከላካይን ቀድመው ለመውሰድ ያመነታሉ። ጄኮብ ዋይተሪንግን ካርልተን በ2015 በ1ኛ ምርጫ ወስዶታል። እሱ ግን ከደንቡ ውጭ ነው። ራንስ በ2007 18ኛ ነበር። ሳም ቴይለርን ጂደብልዩኤስ የሚባለው ክለብ በ2017 በ28ኛው ወሰደው። የብሪዝበኑ ሃሪስ አንድሩስ በ2014 61ኛ ነበር፤ ክለቡ በ2024 ዋንጫ ሲያነሳ ከአምበሎቹ አንዱ እሱ ነው። መክገቨርን ደግሞ ተዉት፣ ከዋናው ድራፍት ቀጥሎ ባለው የሩኪ ድራፍት ነው የገባው።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ረጅም ተከላካይ እስኪጠነክር ሦስት አራት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ አሰልጣኙ እስከዚያ ሥራው ላይ መኖሩን ማን ያውቃል? ሁለተኛው ገበያው ነው። የተጠናቀቀ ተከላካይ በዝውውር ይገኛል። ሜልበርን በ2017 ጄክ ሌቨርን ከአደሌድ ሲያመጣ ሁለት የአንደኛ ዙር ምርጫ ከፈለ። በዓመቱ ስቲቨን ሜይን ከጎልድ ኮስት ጨመረ። በ2021 ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሜልበርን ከ1964 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። ስለ ሌቨር አንድ ነገር ልጨምር፦ በድራፍት ዓመቱ ጉልበቱን ተጎድቶ ከሜዳ ርቆ ነበር፣ አደሌድ ግን በ14ኛ ምርጫ ወሰደው። ያመነው ከጉዳቱ በፊት ያየውን ነው።

ሌላው የሚያደናግረው የጨዋታ ቦታ ነው። በ18 ዓመቱ ተከላካይ የሆነ ሁሉ በ25 ዓመቱ ተከላካይ አይሆንም፤ የዛሬው ተከላካይም ትናንት ሌላ ቦታ የነበረ ሊሆን ይችላል። ዳርሲ ሙር ኮሊንግዉድ ሲገባ አጥቂ ነበር። በ2023 ዋንጫውን በአምበልነት ያነሳው ግን በተከላካይነት ነው። ማክ አንድሩ ደግሞ ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች ግብፅ ውስጥ የተወለደ ነው። ልጅ ሳለ ዳኛው ወደ ላይ የሚለቃትን ኳስ የሚሻማው «ራክ» ሆኖም ይጫወት ነበር። ቀጭን ነበር፣ ጎልድ ኮስት ግን በ2021 በ5ኛ ምርጫ ወሰደው፤ ዛሬ ቁልፍ ተከላካይ ነው። ከኬንያው የካኩማ የስደተኞች ካምፕ የተነሳው አሊር አሊርስ? ሲድኒ በ2013 በ44ኛ ምርጫ ወሰደው። ወደ ፖርት አደሌድ ተዛውሮ በ2021 የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። ጨዋታውን ገና በሕፃንነታቸው ያልጀመሩ ልጆችን በሠሩት ስህተት ብዛት መመዘን ያሳስታል። ስህተቱ ከወር ወር መቀነሱን ማየት ይሻላል።

ቶም ስቱዋርትንም አትርሱ። ጂሎንግ በ2016 በ40ኛ ምርጫ ሲወስደው 23 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት በየድራፍቱ ታልፏል። ቁመቱ እንደ ሌሎቹ አይደለም፣ ጨዋታ ማንበቡ ግን ከሊጉ ምርጥ አቋራጮች አንዱ አድርጎታል።

የመምረጥ ሥልጣኑ የእኔ ቢሆን፣ ረጅም ተከላካይን በሁለተኛው ዙር በደስታ እወስዳለሁ፤ ቢዘገይም ኪሳራው ትንሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ምርጫዎች ግን ከደካማ ቡድን የወጣና በማቋረጥ ቁጥሩ ብቻ የተወራለትን ልጅ አልነካም። መጀመሪያ ከሱ የሚከብድ አጥቂ ሲገጥመው የተጫወተባቸውን ጨዋታዎች አምጡልኝ እላለሁ። በተለይ በአንደኛው ሩብ ሁለት ጎል የተቆጠረበትን። በሦስተኛው ሩብ የት እንደቆመ ማየት እፈልጋለሁ።