«ማሳ» ምንድን ነው? የድሮ መኪና ኤሌክትሪክ የሚታመምበት ቦታ

ጅማ ላይ «ማሳ» ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ ወደ ቡናና ወደ በቆሎ ነው የሚሄደው። ጋራዥ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ቃሉን እንደ ባልቦላ፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖና ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ ነው የወሰድነው። ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የመኪናው ብረት ነው፤ ሻንሲው፣ ቦዲው፣ የሞተሩ ገላ።

ይህን ቃል በደንብ ማስረዳት እንዳለብኝ የገባኝ ባለፈው ክረምት ነው። አንድ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ከሄርማታ በኩል ቀይ ፊያት 124 ስፓይደር ይዘው መጡ። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ የታየች፣ ፒኒንፋሪና የነደፋት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። እስከ 1985 ድረስ ተሠርታለች። የእሳቸው ከአባታቸው የወረሷት ናት፤ ቀለሟ አዲስ፣ ኒኬሏ የሚያብለጨልጭ።

«ልጄ፣ ዓይኗ ደክሟል» አሉኝ። ማታ ከፈረንጅ አራዳ ወደ ቤታቸው ሲነዱ መንገዱ አይታያቸውም። ባትሪ ቀይረዋል። አምፖል ቀይረዋል። ዲናሞውንም አስጠቅልለዋል። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ መብራቱ ያው ነው።

«ጋሼ፣ ማሳው ይመስለኛል» አልኳቸው።

«የምን ማሳ?»

ከዚህ በታች ያለው ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ ነው፤ በዚያን ቀን ቆሜ ከነገርኳቸው ትንሽ ዘርዘር አድርጌዋለሁ።

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ አምፖል ውስጥ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የወጣው ሁሉ ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት። ከጅማ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሄደ አይሱዙ ካልተመለሰ ነገ የሚጭን መኪና የለም፤ ግቤ በረሃ ላይ የመመለሻው መንገድ ቢዘጋ የመሄጃውም ሥራ ይቆማል። አምፖሉም እንደዚሁ ነው። ቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ አምፖል መሄጃና መመለሻ ሁለት ሽቦ እንዘረጋለን። መኪና ላይ ግን ቦዲው ራሱ ብረት ስለሆነ ፋብሪካዎቹ መመለሻውን ሽቦ ትተው ብረቱን ተጠቀሙበት። መዳብ ተቆጠበ፣ የሽቦው ጥቅልም ቀለለ። ስለዚህ የመኪና አምፖል ፖዘቲቩን በሽቦ ያገኛል፤ ኔጌቲቩን የሚያገኘው ከተቀመጠበት ብረት ወይም ቦዲው ላይ በቡሎን ከታሰረች አጭር ጥቁር ሽቦ ነው።

መኪናው አዲስ እያለ ይህ ችግር የለበትም። ከ40 እና 50 ዓመት በኋላ ግን ያቺ ቡሎን ዝጋለች፣ ሽቦዋ ጫፏ ላይ አረንጓዴ ሆኗል፣ በመሀል ደግሞ ቀለም ገብቷል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የጅማን አየር ደግሞ እናውቀዋለን፤ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ዝናብ የማያጣው አገር ነው። ደረቅ አገር ላይ 10 ዓመት የሚቆይ የሽቦ ጫፍ እዚህ ቶሎ ይበላል።

ሰው የማያምነኝ ትንሽ ዝገት ይህን ያህል ትጎዳለች ስል ነው። እስቲ እናስላው። 55 ዋት የሆነ የፊት አምፖል በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ያህል ይስባል። የአምፖሉ የራሱ ሬዚስታንስ፣ ማለት ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን፣ ሲበራ 2.6 ኦም ገደማ ነው። የዛገችው ቡሎን ግማሽ ኦም ብቻ ጨመረች እንበል። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ከ12 ቮልት ወደ 10 ቮልት ይወርዳል። የአምፖል ብርሃን ደግሞ ቮልቱ በወረደ ልክ ብቻ አይቀንስም፤ ከዚያ በጣም በባሰ ፍጥነት ነው የሚቀንሰው። በ10 ቮልት ብርሃኑ ግማሽ ያህል ይሆናል። ግማሽ ኦም ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ ተራ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በትክክል ለመለካትም የሚቸገርበት መጠን ነው።

ለዚህ ነው ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ «ይኸው፣ ይጮሃል፣ ማሳ አለ» የሚለውን ሰው የማልቀበለው። አንዲት የሽቦ ክር ብቻ የቀረች ማሳም ትጮሃለች። ትክክለኛው አለካክ መብራቱን አብርቶ፣ ጭነት እያለ፣ ቮልት መለካት ነው። ቴስተሩ ዲሲ ቮልት ላይ ይሁን፤ አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላው የአምፖሉ ማሳ ላይ። ሁለቱ አንድ ቦታ ናቸው ማለት ስለሆነ ቁጥሩ ዜሮ ሊጠጋ ይገባዋል። ለመብራት እስከ 0.1 ወይም 0.2 ቮልት ቢሆን እታገሳለሁ። ከዚያ ካለፈ መንገዱ ላይ የሚበላ ነገር አለ።

በእሳቸው ፊያት ላይ 1.9 ቮልት አነበብኩ። ቴስተሩን አዙሬ አሳየኋቸው። ሁለቱም የፊት መብራቶች ማሳቸውን የሚያገኙት ከአንድ ነጥብ ነበር፤ ጥቁሯን ሽቦ ተከትዬ ሄጄ ከመብራቱ ጀርባ ቡሎኗን አገኘኋት። ቀይ ናት። ራሷም፣ ከሥሯ ያለችው ቀለበት ሮንዴላም፣ የሽቦዋ ጫፍ ቀለበትም፣ ሁሉም ያው የመኪናው የሚያምር ቀይ። ላሜራና ቀለም ሲሠራ ሽቦዋ ተፈትታ፣ ብረቱ ተቀብቶ፣ ሽቦዋ ቀለሙ ላይ ተመልሳ ታስራ፣ ከዚያ በላይዋ ላይ ሌላ ዙር ተነፍቶባታል። መመለሻዋ ይህ ብቻ ነበር፤ በቡሎኗ ጥርስ በኩል የቀረች ጠባብ ቀዳዳ። ሰውየው ለካስ መብራቱ የደከመው መኪናዋ ያማረች ሰሞን ነው፤ ሁለቱን ነገር አላገናኟቸውም እንጂ። አሮጌ መኪና ቀለም ከተቀባ በኋላ ኤሌክትሪኩ ከተበላሸ መጀመሪያ የማየው ማሳ ነው፤ በስንቱ መኪና ላይ እንዳየሁት ቁጥሩን አላውቀውም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፣ ሁልጊዜ ከቦዲው ጋር የታሰረው ጫፍ። ምክንያቱ ይኸው ማሳ ነው፤ ፖዘቲቩን መጀመሪያ ስትፈታ ቁልፍህ ቦዲውን ቢነካ መላው ብረት ኔጌቲቭ ስለሆነ ባትሪው በቁልፍህ በኩል ይገናኛል፣ ቁልፉም ይግላል፣ እጅም ያቃጥላል። ኔጌቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ቦዲው ከባትሪው ተለይቷል፣ ቁልፍ ቢነካም ምንም የለም። ሲታሰር በተቃራኒው ኔጌቲቩ መጨረሻ ላይ ይታሰራል።

ከዚያ ቡሎኗ ተፈትታ የምትቀመጥበት ክብ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ይፋቃል። ነጭ ስል የሚያበራ ማለቴ ነው፤ ግራጫ ከሆነ ገና ነው። አረንጓዴ የሆነው የሽቦ ጫፍ ተቆርጦ መዳቡ ጤነኛ እስከሆነበት ድረስ ይገፈፋል፤ አዲስ ካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ቀለበት) ተጨምቆ ይገባል። ሥሩ ጥርስ ያላት ሮንዴላ አደርጋለሁ፣ ብረቱን ነክሳ ትይዛለች። ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ በኋላ ግሪስ ወይም ቫዝሊን ይቀባል። በኋላ ነው ቅባቱ፣ ውሃ እንዳያገኘው። ናስትሮ (የሚለጠፍ ፕላስተር) ጠቅልለው የሚተዉት አሉ፤ እኔ አልወደውም። ናስትሮ እርጥበትን ውስጥ አፍኖ ይይዛል፣ ዝገቱም ከዓይን ተሰውሮ ይቀጥላል።

የማሳ ሕመም ሁልጊዜ በመብራት ድክመት ብቻ አይታይም። ፍሬቻ ስታበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ፍሬን ስትረግጥ የዳሽቦርዱ አምፖል ጭል ጭል ካለ፣ የፊት መብራት ስታበራ የሙቀት መለኪያው ቀስቱ ከተነሳ፣ ሽቦ ተሳስቷል ብለህ ጥቅሉን አትበትን። የኋላ መብራት አምፖል ውስጥ ሁለት ክሮች አሉ፤ 21 ዋቱ ለፍሬን፣ 5 ዋቱ ለማታ። የሁለቱም መመለሻ አንድ ነው። ያ መመለሻ ሲጠፋ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በትንሿ ክር ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በማታ መብራቱ ሽቦ በኩል ሌላ አምፖል ጋ ሄዶ፣ የዚያን አምፖል ማሳ ተውሶ ወደ ባትሪው ይገባል። በመንገዱ ያገኘውን አምፖል ሁሉ ትንሽ ትንሽ እያበራ ነው የሚያልፈው።

የሞተሩ ማሳ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ሞተር ሻንሲው ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው ወይም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚሄድ ወፍራም ገመድ አለ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ መዳብ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ያቺ ገመድ ከተበጠሰች ያ ሁሉ አምፔር ሌላ ብረት ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም የነዳጅ መርገጫውን ወይም የፍሪሲዮኑን ገመድ ነው። በአንድ ሌላ መኪና ላይ የነዳጁ ገመድ ፕላስቲክ ቀልጦ ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ የነዳጅ ገመድ ሁለት ጊዜ ቀይሮ ነበር።

ወደ ስፓይደሯ ልመለስ። ማሳው ከተሠራ በኋላ 1.9 የነበረው 0.06 ሆነ። መብራቱ ግን ገና የምፈልገውን ያህል አልሆነም፣ በፖዘቲቩ በኩልም 1 ቮልት እየጠፋ ነበር። ይህ የማደስ ብቻ ሳይሆን የማሻሻል ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ መኪና የፊት አምፖል 45/40 ዋት (ለረጅም/ለአጭር መብራት) ነበር፤ የእሳቸው ላይ አሁን ያለው 60/55 ዋቱ ኤች 4 ነው። ያን ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው መሪው ሥር ያለችው የድሮ ማብሪያ ናት፣ ከነቀጭን ሽቦዋ። መፍትሔው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዛ ትልቁን የምታሳልፍ ማብሪያ። ማብሪያዋ ሪሌዋን ብቻ ታዛለች፣ ከአምፔር ሩብ ያነሰ ነው የሚያልፍባት፤ ዋናው ኤሌክትሪክ ከባትሪው በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ በራሱ ባልቦላ በኩል፣ በአጭር መንገድ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ለአጭርና ለረጅም መብራት አንድ አንድ ሪሌ አስገባሁ።

ሪሌ ላይ 30፣ 85፣ 86 እና 87 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ጀርመኖች ያወጡት የቁጥር ሥርዓት ነው። 30 በቀጥታ ከባትሪ፣ 87 ወደ አምፖሉ፣ 85 እና 86 የሪሌዋ መጠምጠሚያ ሁለት ጫፎች። በዚሁ ሥርዓት 31 ቁጥር ማሳ ነው፤ የጀርመን መኪና ሥዕል ላይ 31 ካየህ መመለሻው እሱ ነው። ሪሌዋም ራሷ ማሳ ትፈልጋለች። ማሳው ሳይጸዳ ሪሌ ቢደረደር የቲክቲክ ድምፅ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ቀለም ላይ አንድ ነገር፣ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ። ጀርመን መኪና ላይ ቡናማ ሽቦ ማሳ ነው። የእንግሊዝ መኪና ላይ ግን ቡናማው ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ ቁልፍ ተዘግቶም የማይጠፋ ፖዘቲቭ ነው፤ ማሳቸው ጥቁር ነው። በ124 ስፓይደርም ቡናማው ወደ ቁልፉ የሚሄድ ፖዘቲቭ ነው። መርሴዲስ ላይ እጁ የለመደ ሰው ቡናማውን ከቦዲ ጋር ቢያስር ሽቦውን ያነደዋል። ከዚህ የባሰም አለ፤ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ማሳቸው ራሱ ፖዘቲቭ ነበር። ኤምጂቢ እስከ 1967፣ ጃጓር ኢ-ታይፕ እስከ 1964 ድረስ ቦዲያቸው የሚታሰረው ከባትሪው ፖዘቲቭ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ዛሬ የምንገዛውን ራዲዮ ወይም ዲናሞ ሳያዩ ማሰር ማቃጠል ነው። ቀለሙን ሳይሆን ቴስተሩን እመን።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ካፊያ ውስጥ መኪናዋን ከግቢው ግድግዳ ፊት አቁመን አበራናት። ሰውየው ዝም ብለው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ የተቀረውንም እንድሠራ ጠየቁኝ። በማግስቱ የኋላ መብራቶቹን፣ የነዳጅ መለኪያውንና የሞተሩን ማሳ አንድ በአንድ ፈትቼ ፋቅኳቸው። ነጥቦቹ የት የት እንዳሉ በወረቀት ሥዬ በፕላስቲክ አድርጌ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። መኪናዋ ደግሞ ቀለም ልትቀባ የገባች ዕለት ወረቀቷን ለቀቢው ይሰጡታል፤ እነዚያን ቡሎኖች ከመንፋቱ በፊት በናስትሮ እንዲሸፍን።