የድሮ ፎቶን ለጦርነት ትዕይንት ማንበብ ምንድን ነው?

ሪኢናክትመንት የሚባለው ያለፈ ጦርነት ተዋጊዎችን ልብስ ለብሶ፣ መሣሪያቸውን ታጥቆ ሰልፋቸውንና የሰፈር ኑሯቸውን በአካል መልሶ ማሳየት ነው። ሥራውን ከልብ የያዙት ሰዎች አንዲት ቁልፍ ሲሰፉ እንኳ «በእርግጥ እንዲህ ነበር ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን የሚፈልጉት በጦሩ ደንብ፣ ከዘመኑ በተረፉ ዕቃዎችና በፎቶ ውስጥ ነው። ደንቡ ወታደሩ ምን መልበስ እንደነበረበት ይናገራል። የተረፈው ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ እምብዛም ያልተለበሰው ነው፤ ዘወትር የተለበሰው ከባለቤቱ ጋር አልቋል። ሰውየው የተሰጠውን እንዴት አድርጎ እንደለበሰው፣ ኮዳውን የት እንዳንጠለጠለ፣ ባርኔጣውን ወዴት እንዳጋደለ የሚያሳየው ፎቶ ነው።

የሰሜንና የደቡብ ግዛቶች በተዋጉበት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ከጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ የተነሳ አንድ ፎቶ አለ። ሦስት የደቡብ ምርኮኞች ከግንድ ክምር አጠገብ ቆመዋል። የደቡብ ወታደር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ቡትቶ የለበሰ ሰው ነው። እነዚህ ግን ጫማ አላቸው፤ የረባ ልብስ ለብሰዋል፤ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ይዘዋል። የደቡብን እግረኛ ወክሎ ለመቆም ለሚዘጋጅ ሰው ይህ አንድ ፎቶ ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ይሁንና ፎቶ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግራና ቀኙን ይመለከታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቲንታይፕ የሚባለው ፎቶ ያለ ኔጋቲቭ በቀጥታ በስስ ብረት ላይ ይነሳ ስለነበር፣ ምስሉ በመስታወት እንደሚታየው የተገለበጠ ነው። በብር በተለበጠ መዳብ ላይ የሚነሳው ዳጌሮታይፕም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው። የሰሜኑ እግረኛ የጥይት ሳጥኑን በቀኝ ዳሌው፣ የሳንጃውን አፎት በግራው ይታጠቅ ነበር። በቲንታይፕ ላይ ግን ሳጥኑ በግራ ዳሌው ይታያል፤ በቀበቶው ዘለበት ላይ ያሉት ፊደላትም ወደ ኋላ ይነበባሉ። ታዋቂው ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድ ለረጅም ዘመን ግራኝ ነበር የተባለው በእንዲህ ያለ ፎቶ ምክንያት ነው። በጠመንጃው ቀኝ ጎን መሆን ያለበት የጥይት ማጉረሻ በምስሉ በግራ በኩል በመታየቱ ነው ስህተቱ የታወቀው። ፊደል የማይታይበት ፎቶ ከሆነ የኮቱን አቆላለፍ ማየት ነው፤ የወንድ ኮት ግራው ጎን በቀኙ ላይ ተደርቦ ይቆለፋል፤ በፎቶው ተቃራኒው ከታየ ምስሉ ተገልብጧል። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ አንዳንድ ወታደሮች መገልበጡን ስለሚያውቁ ፎቶው ላይ ትክክል እንዲመስል ትጥቃቸውን አዙረው መልበሳቸው ነው። ስለዚህ ቁልፉ አንድ ነገር፣ ቀበቶው ሌላ ነገር ሊመሰክሩ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቀለም ነው፤ ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የዚያ ዘመን የፎቶ ኬሚካል ሰማያዊን እንጂ ቀይንና ቢጫን በደንብ አያይም ነበር። ስለዚህ ሰማያዊ ይነጣል፣ ቀይና ቢጫ ይጠቁራሉ። የሰሜኑ ፈረሰኛ ጃኬት ጥብጣብ ቢጫ፣ የመድፈኛው ቀይ ነበር፤ በፎቶ ሁለቱም የጠቆሩ ናቸው። የእግረኛው ውሃ ሰማያዊ ሱሪ ደግሞ ከእውነቱ ይልቅ ነጣ ብሎ ይወጣል። ዓይኑን ብቻ አምኖ ጥቁር ጥብጣብ የሚሰፋ ሰው በዚያ ጦር ያልነበረ ልብስ ሰፋ ማለት ነው። በቅርቡ በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ የድሮ ፎቶም ለዚህ ሥራ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለሙ የዛሬ ሰው ግምት ነውና።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ምን እንዲታይ ፈለገ? የሚል ነው። ፎቶ ቤት የሄደ ወታደር ያለውን ደህና ልብስ ለብሶ ነው የሚሄደው፤ በእጁ የያዘው ሽጉጥ ወይም ትልቅ ቢላ የፎቶ አንሺው ሊሆን ይችላል። በሜዳ የተነሳውም ከዚህ ነጻ አይደለም። ፎቶ አንሺው አሌክሳንደር ጋርድነር በጌቲስበርግ ከድንጋይ ካብ ሥር ወድቆ ያሳየው የደቡብ አልሞ ተኳሽ ፎቶ ለመቶ ዓመት እንዳለ ሲታመን ኖሯል። ዊልያም ፍራሳኒቶ የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ግን ያው አስከሬን በሌላ ቦታም ፎቶ እንደተነሳና ወደ ካቡ ተወስዶ እንደተቀመጠ አሳዩ። አጠገቡ የተደገፈው ጠመንጃም አልሞ ተኳሾች የሚይዙት ዓይነት አይደለም። ከዚያ ፎቶ የሟቹን ልብስ መማር ይቻላል፤ ጠመንጃውን ግን የእሱ ነው ብሎ መያዝ አይቻልም።

አንድ ፎቶ የሚመሰክረው ስለ አንድ ሰው አንድ ቀን ብቻ ነው። በአንድ ምስል ላይ የታየ እንግዳ ባርኔጣ ለመላው ክፍለ ጦር ልብስ ማስረጃ አይሆንም፤ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ግንባር በተነሱ ብዙ ፎቶዎች ላይ ከተደጋገመ ግን ያን ጊዜ ልማድ ነው ማለት ያስኬዳል። ለዚህ ንጽጽር የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የዚያን ጦርነት የመስታወት ኔጋቲቮች በከፍተኛ ጥራት ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ትልቁን ፋይል አውርዶ ከፊት ለፊት ከቆመው መኮንን ይልቅ ከኋላው ድንኳን ሥር የተቀመጡትን ማጉላት ይበጃል፤ ለፎቶ ያልተዘጋጁት እነሱ ናቸው፤ እጅጌያቸው እንደተጠቀለለ፣ ጃኬታቸው እንደተከፈተ ነው።