«የድመት ምላስ መድኃኒት ነው» እና ከማምከን በኋላ የምሰማቸው ሌሎች ነገሮች

ሴት ድመት እንዳትወልድ በቀዶ ሕክምና አምክኜ ለባለቤቷ ሳስረክብ የምናገረውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ማስታገሻው በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰጥ፣ ቁስሉ እንዴት እንደሚታይ፣ መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ። ሰዉ በእሺታ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ወደሚታሰረው የፕላስቲክ ኮን ስደርስ ግን ፊቱ ይቀየራል። «ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል? የድመት ምላስ ራሱ መድኃኒት ነው እኮ!»

ይህን ከሽማግሌም ከወጣትም ሰምቻለሁ። አንድ የሰው ሐኪም እንኳ ብሎኛል። እሱ ታካሚዎቹ የቀዶ ሕክምና ስፌታቸውን እንዲልሱ ይፈቅድ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። ኮኑን ግን ቤቱ ሲደርስ አወለቀው።

እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ምራቅ ውስጥ አንዳንድ ጀርሞችን የሚያዳክሙ ነገሮች አሉ፤ ላይሶዛይም የሚባለው ኢንዛይም አንዱ ነው። እሾህ የወጋት የዱር ድመት ቁስሏን ልሳ አፈሩንና ቆሻሻውን ታነሳለች። ሌላ ምን አማራጭ አላት? የእናንተ ድመት ቁስል ግን ሌላ ነው። ከጀርም በጸዳ መሣሪያ ተከፍቶ በንጹህ ክር ተዘግቷል። የሚጠረግ ነገር የለውም። የሚፈልገው እንዳይነካ ብቻ ነው።

ምላሷን ደግሞ አስቡት። እጃችሁን ልሳችሁ ታውቃለች? ሞረድ ነው። ላዩ ላይ ወደ ጉሮሮዋ የታጠፉ ጥቃቅን መንጠቆዎች ተተክለዋል። የተሠሩት ጥፍሯ ከተሠራበት ከኬራቲን ነው። ፀጉር ያበጥራሉ፣ ከአጥንት ላይ ሥጋ ይፍቃሉ። አዲስ የተሰፋ ቆዳ ላይ ሲመላለሱ ምን እንደሚፈጠር ለመገመት የእንስሳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

አፏም ንጹህ አይደለም። ፓስቱሬላ ሙልቶሲዳ የሚባል ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ድመቶች አፍ ውስጥ ይኖራል። ድመት ነክሳው እጁ በማግስቱ ያበጠበት ሰው ይህን ባክቴሪያ በስም ባያውቀውም ሳይተዋወቁ አልቀሩም። ያንን አፍ ነው «መድኃኒት» የምንለው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚደርሰው በክፋት ሳይሆን በአዘኔታ ነው። አንዲት እናት ድመታቸው በኮኑ ምክንያት እየተደናበረች ግድግዳ ስትገጭ አይተው አንጀታቸው አልቻለም፤ «ለሌሊት ብቻ» ብለው አወለቁላት። ድመት ደግሞ ሥራዋን የምትሠራው ሰው ሲተኛ ነው። ጠዋት ይዘዋት ሲመጡ የላይኛው ስፌት አንድም አልቀረም፤ ቆዳው ተከፍቶ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይታያል። «ትንሽ ብቻ ነው የላሰችው» አሉኝ። ደግነቱ የሆድ ጡንቻውን የዘጋነው የውስጠኛው ስፌት ይዞ ነበር። እሱም ቢለቅ አንጀቷ ነበር የሚወጣው። እንደገና ሰመመን፣ እንደገና ስፌት፣ ተጨማሪ መድኃኒት። ለማን ታዘነ?

ስለዚህ ኮኑ ቀንም ሌሊትም ይቆያል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ወይም ሐኪማችሁ አውልቁ እስኪላችሁ። ጠርዙ ከአፍንጫዋ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፍ። ካጠረ አንገቷን ጠምዝዛ ትደርስበታለች። አንገቷና ማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። በጥልቅ ሳህን መብላት ካቃታት ዝርግ ሳህን ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጉላት። እሱም ካልሆነ ምግብ ስትበላ አውልቁላት፤ ግን አጠገቧ ተቀምጣችሁ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ፣ እንደጨረሰች መልሳችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ትወድቃለች፣ ትኮሳተርባችኋለች። አብዛኞቹ በአንድ ሁለት ቀን ይለምዱታል። ጭራሽ የማትችለው ከሆነ ሆዷን የሚሸፍን የድመት ልብስ አለ። እሱም ቢሆን ከሽንት የጸዳና ደረቅ መሆኑን በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል፤ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቁስል ካልተሸፈነው የባሰ ነው።

ሁለተኛው የምሰማው ነገር ግን ከዚህም ይብሳል፤ የላሰችውን መልሰን እንሰፋለን፣ ይሄኛው ይገድላል።

«ካመማት ግማሽ ፓራሲታሞል እሰጣታለሁ።»

በፍጹም። ግማሽም፣ ሩብም፣ «ለልጅ የሚሆነው ሽሮፕ»ም አይሆንም። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ሰባብሮ ለማስወጣት የሚጠቀምበት ዋናው መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ እጅግ ደካማ ነው። መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ተለውጦ ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ይህ ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን አንዲትን ትልቅ ድመት ሊገድል ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም የተፈቀደላቸው አይምሰላችሁ፤ ሆዷንና ኩላሊቷን ያጠፋሉ። ለውሻችሁ ከታዘዘው የተረፈም አይሆንም።

ቀድሞ ተሰጥቷት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ሩጡ። ኤን አሲቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ቶሎ በተሰጠ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። «አልሰጠኋትም» ብሎ መዋሸትም ይቅር። እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ የምጠይቀው ለማከም ነው።

ማስታገሻ ግን ያስፈልጋታል። ለድመት የሚሆኑ አሉ፤ በክብደቷ ተሰልተው ይታዘዛሉ። የታዘዘላትን «ደህና ትመስላለች» ብላችሁ በሁለተኛው ቀን አታቋርጡ። መጨመርም መቀነስም የናንተ ሥራ አይደለም።

«እርርር እያለች ነው፣ ምንም አላመማትም» የሚሉኝም አሉ። ድመት ሲመቻት ብቻ አይደለም እንዲህ የምትለው፤ ስትታመምም፣ ስትፈራም፣ ስትወልድም ትላለች። ሕመሟን ከድምጿ ይልቅ ከፊቷ አንብቡት። እ.ኤ.አ. በ2019 ካናዳ ሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ለዚሁ የሚሆን መለኪያ አውጥተዋል፤ አምስት ነገር ይታያል። ጆሮዋ ወደ ጎን ተዘርግቷል ወይ? ዓይኗ ጠቧል? አፍና አፍንጫዋ አካባቢ ተወጥሯል? ጺሟ ቀጥ ብሏል? ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በታች ወርዷል? እነዚህን አይታችሁ ጥግ ይዛ ተኮራምታ ካገኛችኋት እርርር ማለቷን እርሱት።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ዓይኗ ፈጦ ቀረ፣ አበደችብኝ።» ሰመመኑ ነው። ዓይን መፍጠጥ፣ መንገዳገድ፣ ባዶ ግድግዳ ማየት እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሞቅ ባለና ደብዘዝ ባለ ክፍል ወለል ላይ አስተኟት፤ አልጋ ላይ ካደረጋችኋት ትወድቃለች። ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ከሰጣችኋት በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት። ያልነቃች ድመት ሲያቃጥላት መሸሽ አትችልም።

«ደም ስላፈሰሰች ብዙ ትብላ።» መጀመሪያ ትንቃ። ማታ ላይ ቀጥ ብላ መቆም ስትችል ከተለመደው ሩቡን ወይም ግማሹን ስጧት፤ ብዙ ከበላች ታስመልሰዋለች። ወተት ተዉ። አብዛኞቹ ትልልቅ ድመቶች ወተት አይፈጭላቸውም፤ ያስቀምጣቸዋል። በተቃራኒው ከ24 ሰዓት በላይ ምንም ካልቀመሰች ደውሉ። በተለይ ወፍራም ድመት ቀናት ካልበላች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሌላ በሽታ ያመጣል።

«ቁስሉን በአልኮል እጠርጋለሁ።» አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርም ሲገድሉ አዲስ የሚያድገውን ሥጋም ይገድላሉ። ቅባትም አያስፈልግም፤ አንዳንዱ ስትልሰው ይመርዛታል። በቀን ሁለት ጊዜ እዩት፣ በእጃችሁ አትነካኩት። ገላዋንም አትጠቡ።

«ስፌቱ ሥር እብጠት አለ፣ አንጀቷ ነው!» አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ውስጥ ለሚሟሟው ክር ሰውነቷ የሚሰጠው ምላሽ ትንሽ ጠጠር ያለ እብጠት ይሠራል፤ በሳምንታት ይጠፋል። እያደገ የሚሄድ፣ ለስላሳ የሆነ፣ የሚያመው፣ የሚሸት ወይም መግል የያዘ ከሆነ ግን እዚያው ቀን አምጧት።

«የቤቱ ሌላ ድመት ጠላቻት፣ መምከኗን አውቃለች።» የጠላችው የክሊኒካችንን ሽታ ነው። አንድ ሁለት ቀን ለያዩዋቸው።

«አንዴ ሳትወልድ መምከኗ ይጎዳታል።» አይጎዳትም። እንዲያውም 6 ወር ሳይሞላት የመከነች ድመት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ እጅግ ይቀንሳል። የእናትነት ናፍቆት የእናንተ ነው፤ የእሷ አይደለም።

«ከመከነች ወዲያ ወንድ ቢጠጋት ምን ችግር አለው?» አለው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ሽታዋ ወንዶችን ሊስብ ይችላል። በዚያ ጊዜ ከተጠቃች የውስጥ ስፌቷ ይጎዳል፣ ደም ይፈስሳታል። በር ዝጉ። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደ ድሮው ወለል ላይ እየተንከባለለች ወንድ መጥራት ከጀመረች ደግሞ «ጠባይዋ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የእንቁላል እጢ ቁራጭ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው። «በሦስተኛው ቀን ፍሪጅ ላይ ወጣች፣ ድናለች ማለት ነው» ይሉኛል በኩራት። ሆድ ተከፍቶ የእንቁላል እጢና ብዙ ጊዜም ማህፀን የወጣበት ነገር ነው፤ ጭረት አይደለም። ላይ ያለው ቆዳ ቶሎ የተገጠመ ይመስላል። ከሥሩ ያለው የሆድ ግድግዳ ግን ጥንካሬውን የሚያገኘው በሳምንታት ነው። እሷ ይህን አታውቅም። ማስታገሻ ወስዳለች፣ አላመማትም፣ ትዘላለች። የማወቅ ግዴታ ያለበት ባለቤቷ ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን መዝለያ የሌለው ትንሽ ክፍል ይበቃታል። ወንበሩን አውጡ፣ መደርደሪያውን ባዶ አድርጉ፣ መስኮት ዝጉ። ወደ ውጭ መውጣት የለም፤ ብትጮህም፣ በሩን ብትቧጥጥም። የመጸዳጃ አሸዋዋን ለጊዜው በተቀደደ ወረቀት ተኩላት፤ አሸዋው ቁስሏ ላይ ይጣበቃል። የምትሰለች ከሆነ መሬት ላይ ሆና የምትጫወትበት ነገር ፈልጉላት። እላይ የሚንጠለጠል ላባ ይዛችሁ አታዝልሏት፤ ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ «ድብርት እንዳይዛት» ብሎ።

«ማምከን ያወፍራል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፣ ስለዚህ ነው የማይሞተው። ሆርሞኑ ሲቀንስ የምታቃጥለው ኃይል ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን ይጨምራል። ቁስሉ ሲድን ምግቧን በሩብ ያህል ቀንሱ፣ በየወሩ መዝኗት። ሳህኑን ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ትቶ «ያደረጋችሁት ቀዶ ሕክምና አወፈረብኝ» የሚለኝ ሰው ጋር ክርክር የለኝም፤ ሚዛኑ ላይ አቁሜ የምግብ መስፈሪያ እሰጠዋለሁ።

በመጨረሻ የቀረው ጉዳይ ክሩ ነው። የሚሟሟ ክር ከቆዳ ሥር ተሰፍቶ ከሆነ የሚወጣ ነገር የለም። ቆዳው ላይ የሚታይ ክር ካለ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ክሊኒክ መጥታችሁ ይወጣላታል። «ቤት እናወጣዋለን፣ ቀላል ነው» ብለው በጥፍር መቁረጫ የጎተቱት አሉ፤ ግማሹ ውስጥ ቀርቶ ከጥቂት ቀን በኋላ መግል ይዞ ተመልሷል። እኛ ጋ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። እግረ መንገዳችንንም ቁስሉን እናየዋለን፣ ሆዷን እንዳስሳለን፣ እንመዝናታለን።