የዕዳ ጣሪያ ምንድን ነው? ሙዚየም የሚዘጋው እሱ አይደለም

በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ላይ እህቴን ልጠይቅ ዋሽንግተን ሄጄ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቤቷ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጇን ይዤ በሜትሮ ሙዚየሞቹ ወዳሉበት ናሽናል ሞል ወረድን። ሙዚየሙ በር ላይ «በመንግሥት መዘጋት ምክንያት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አጠገባችን የቆሙ አባት ለልጆቻቸው በአማርኛ ያስረዳሉ፦ «መንግሥት የዕዳ ጣሪያው ላይ ደርሶ ነው። ብር አልቆበታል።»

እዚያ ዝም አልኩ። ማታ አንድ የዩቲዩብ ተንታኝ ያንኑ ሲደግመው ግን አላስችል አለኝ። ሥራዬ ኦዲት ነው፤ በወጪና በብድር መካከል ያለውን ልዩነት ሳስረዳ ነው የምውለው።

የዕዳ ጣሪያ ማለት መንግሥት በጠቅላላ ሊሸከመው የሚችለው የብድር ከፍተኛ መጠን ነው፤ የሚወስነው ኮንግረስ፣ ማለትም የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው። ቁጥሩን እንየው። በዚያ ሰሞን የአሜሪካ የዕዳ ጣሪያ 41.1 ትሪሊዮን ዶላር ነበር። ኮንግረስ ጁላይ 2025 ላይ 5 ትሪሊዮን ጨምሮበታል። ዕዳው ደግሞ ገና 38 ትሪሊዮንን ማለፉ ነው። ጣሪያው ጋ ለመድረስ ሦስት ትሪሊዮን ያህል ይቀራል። ታዲያ ሙዚየሙን እሱ እንዴት ይዘጋዋል?

የዘጋው የወጪ ፈቃድ መጥፋት ነው። የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 አለቀ፤ የአዲሱ ዓመት የወጪ ሕግ አልጸደቀም። ሴኔት ውስጥ ክርክር ተቋጭቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ 60 ሰው ያስፈልጋል። አብላጫው ፓርቲ 53 ነበረው። ተፋጠጡ፤ 43 ቀን ሆነ። በእነዚያ ቀናት የአሜሪካን ቦንድ የያዘ ሁሉ ወለዱን በቀኑ ያገኝ ነበር። ብር ያለቀበት ሰው እንዲህ አይከፍልም።

ወደ ጣሪያው ልምጣ። ተንታኙ «ጣሪያው ከፍ ባለ ቁጥር መንግሥት እንዳሻው ያወጣል፤ ባይነኩት ኖሮ ይቆጥብ ነበር» ብሏል። ያሳሳተው ቃሉ ይመስለኛል። «ጣሪያ» ሲባል ከዚህ በላይ እንዳይገነባ የሚያግድ ነገር ይመስላል።

እስቲ ቤቱን እንሥራው። ባለቤቱ ኮንግረስ ነው። አራት ፎቅ ብሎ ፕላኑ ላይ ፈርሟል። ግንበኛ ቀጥሯል፤ ሲሚንቶ በዱቤ አስመጥቷል፤ ለተከራዮቹም ኪራይ ቀንሶላቸዋል፤ ግብር መቀነስ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። አራተኛው ፎቅ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ይኸው ባለቤት ይመጣና «ጣሪያው ከሦስተኛ ፎቅ አያልፍም» ይላል። ግድግዳው በዚህ አያጥርም። የሲሚንቶው ዱቤም አይሰረዝም። ግንበኛውና ሲሚንቶ ሻጩ ሳይከፈላቸው ይቀራሉ፤ በቃ። ቁጠባ ከተፈለገ ቦታው ፕላኑ ላይ ነበር። በእኛ ሙያ ወጪ ተወሰነ የምንለው ግዴታው የተገባ ዕለት ነው፤ የክፍያ ቀን የዚያ ውጤት ነው።

ግምጃ ቤቱ የዚህ ቤት ፎርማን ነው። ጣሪያው ጭንቅላቱን ሲነካው ቦታ ለማግኘት ዕቃ ወደ ውጭ ያወጣል። «ልዩ እርምጃዎች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ለምሳሌ የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ጂ ፈንድ የሚባል አለ፤ ገንዘቡ በየቀኑ በግምጃ ቤት ሰነድ ይቀመጣል። በጭንቅ ጊዜ ግምጃ ቤቱ ያን ሰነድ መስጠቱን ያቆማል፤ የተመዘገበው ዕዳ ዝቅ ይላል፤ ጣሪያው ሲነሣ ከነወለዱ ይመለሳል። እህቴ ይህን ስትሰማ ደንግጣ ነበር። ሠራተኛው አንድ ሳንቲም እንዳያጣ በሕግ የተደነገገ ነው።

   

የሚገርመው፣ የዕዳ ጣሪያው ሕግ በ1917 ሲወጣ ነገር ለማቅለል ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ብድር ጠየቀ፤ ኮንግረስ እያንዳንዱን ቦንድ ከሚያጸድቅ ለግምጃ ቤቱ መጠን ሰጥቶ እጁን ፈታለት። በ1939 ለጠቅላላው ዕዳ አንድ ጣሪያ ተደረገለት፤ 45 ቢሊዮን ዶላር። ከ1960 ወዲህ ከ78 ጊዜ በላይ ከፍ ተደርጓል፣ ተራዝሟል ወይም ተሻሽሏል፤ አብዛኛውም በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች ዘመን ነው። ወጪ ሲያቆም አንድም ጊዜ አላየሁትም።

ወጪ ሲጨምር ግን አይቻለሁ። በ2011 ሁለቱ ፓርቲዎች ጣሪያውን በማንሣት ጉዳይ እስከ ኦገስት 2 ተጓተቱ። በሦስተኛው ቀን የተበዳሪዎችን አስተማማኝነት የሚመዝነው ድርጅት ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የአሜሪካን የብድር ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አደረገው። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በኋላ ሲያሰላው፣ ያ መጓተት የብድር ወጪውን በዚያ ዓመት ብቻ በ1.3 ቢሊዮን ዶላር አንሮታል። ይህ ብር አንድም መንገድ አልሠራም።

በዚያ ቅዳሜ ጣሪያው ጋ ለመድረስ የቀረው ሦስት ትሪሊዮን ብዙ ይመስላል። የ2025 የበጀት ጉድለት ብቻውን 1.8 ትሪሊዮን ገደማ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላውም። ያን ጊዜ የወጪው ሕግ ጸድቆ ከሆነ ሙዚየሙ ክፍት ይሆናል። ገንዘባቸው በቀኑ ይመጣ እንደሆነ የማያውቁት ጡረተኞቹና ቦንድ የገዙት ይሆናሉ።