«አፉን አስያዘው!»፦ ስለ አማኞችና ኢአማንያን ክርክር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዚራ። የድሬ ሙቀት ሰዉን ሁሉ ጥላ ውስጥ አስገብቶታል። እኛም እንደ ልማዳችን ምንጣፍ ላይ በርጫ ተቀምጠናል። መሃላችን ለውዝ በሳህን፣ ሻይ በፔርሙስ አለ። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን ወደኛ አዞረው። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። አንድ አማኝና አንድ ኢአማኒ መድረክ ላይ ይከራከራሉ። ከላይ በትልቁ «አፉን አስያዘው!» ተብሎ ተጽፏል። ሳቅን። አንዱ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ሌላው «አሜን» አለ። ጥግ የተቀመጠው ልጅ ብቻ አልሳቀም። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ቀስ ብሎ «ሙሉውን አይተኸው ታውቃለህ?» አለኝ።

አላየሁትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ያሉ ክርክሮችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየትና ማንበብ ያዝኩ። እኔ አማኝ ነኝ፣ ዛሬም። ነገር ግን ስለ ክርክሮቹ እኛ ሰፈር ከሚወራው አብዛኛው ልክ አይደለም። የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ክርክር ማለት አንዱ ሌላውን ማሳፈር ነው»

ይሄ ከአጫጭር ቪዲዮዎች የመጣ ነው። የሁለት ሰዓት ንግግር ተቆርጦ ሁለት ደቂቃ ሲሆን የሚተርፈው ስድቡና ጭብጨባው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ሁለት እንግሊዛውያን በቢቢሲ ሬዲዮ ስለ እግዚአብሔር መኖር ተከራከሩ። አንዱ ፍሬድሪክ ኮፕልስተን ነው፣ የካቶሊክ ካህን። ሌላው ፈላስፋው በርትራንድ ራስል፣ ሃይማኖት የሌለው። መጀመሪያ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? «እግዚአብሔር ስንል ምን ማለታችን ነው?» ተባብለው ትርጉሙ ላይ ተስማሙ። እኛ ሰፈር ክርክር ሲነሳ ይህን ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ኮፕልስተን ጀመረ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። በዓለም ያለ ነገር ሁሉ ለመኖር ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። እኔ ያለ ወላጆቼ አልተገኘሁም፣ ያለ አየርና ያለ ምግብም አልኖርም። ስለዚህ በሌላ የማይደገፍ፣ በራሱ የሚኖር አንድ ነገር የግድ መኖር አለበት። ራስል መለሰ፦ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፣ ያ ማለት ግን የሰው ዘር በሙሉ አንድ እናት አለው ማለት አይደለም። ዓለም እንዲሁ አለ፣ በቃ። ኮፕልስተንም፣ አንድ ሰው ቼዙ ሰሌዳ ፊት ለመቀመጥ እንኳ እምቢ ካለ በእርግጥ ሊሸነፍ አይችልም አለው። ከውይይቱ ሁሉ ጠንከር ያለው ቃል ይኸው ነው። ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም።

እኔ ከኮፕልስተን ጋር ነኝ። የራስል የእናት ምሳሌ ግን ለብዙ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣም። የማምንበትን ነገር በደንብ እንዳስብበት ያደረገኝ የሰፈሬ ጭብጨባ ሳይሆን እሱ ነው።

«ኢአማኒ ማለት እግዚአብሔር እንደሌለ አረጋግጫለሁ የሚል ሰው ነው»

ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ነው። ለገሃር ቆመን እንበል። አንዱ «ከጅቡቲ ባቡር መጥቷል» ይላል። ሁለተኛው «አልመጣም፣ አውቃለሁ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «መምጣቱን የሚያሳይ ነገር አላየሁም፣ ስለዚህ አላምንም» ይላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ራሱ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ሦስተኛው ግን ማስረጃ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ሰው ነው። ብዙዎቹ ኢአማንያን ተከራካሪዎች ራሳቸውን የሚያስቀምጡት ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው። «ይህን ማወቅ አይቻልም» ወይም «እኔ አላውቅም» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የሚሆነውን «አግኖስቲክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም እ.ኤ.አ. በ1869 ያወጣው ሳይንቲስቱ ቶማስ ሁክስሊ ነው። ራስልም በዚያ ሬዲዮ ኮፕልስተን ሲጠይቀው፣ የእግዚአብሔር አለመኖር ሊረጋገጥ ይችላል አልልም ብሎ ነው የመለሰው።

አማኝ ተከራካሪ ይህን ሳይለይ ከገባ ያልተባለ ነገር ሲያፈርስ ይውላል። ኢአማኒውም ቢሆን አማኙ የሚያምነውን አምላክ ሳይሆን ደመና ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሲያፈርስ ይውላል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

«እንዲህ ያለ ጥያቄ የከሃዲ ነው፣ አማኝ አይጠይቅም»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት መጣ። ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ድሬ ተኝታ ነበር። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ በነበረው ለቅሶ አንዲት እናት ድንኳን ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው «ልጆቹ ምን አደረጉህ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚናገሩት ከሰው ጋር አልነበረም። እኚህ ሴት ጾም የማያስታጉሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ናቸው። ከአጠገባቸው የነበሩት ሙስሊም ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዘው አብረው አለቀሱ። «አይባልም» ያላቸው የለም።

ኢአማንያን በክርክር መድረክ አዘውትረው የሚያነሱት ይህንኑ ነው፤ ቸርና ሁሉን ቻይ አምላክ ካለ ሕፃናት ስለ ምን በጎርፍ ያልቃሉ? ጥያቄውን ግን እነሱ አልፈጠሩትም። ኢዮብ አመድ ላይ ተቀምጦ ጠይቆታል። በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ «እግዚአብሔር አለ ወይ?» ብሎ ሲጽፍ መጀመሪያ ያሰፈረው የራሱን መልስ አይደለም። የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ነው ያስቀደመው። ከእነሱም የመጀመሪያው ይኸው የክፋት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ ቪዲዮው ላይ የምንሰማው፣ «ተፈጥሮ ሁሉን ነገር ካስረዳ ፈጣሪ ለምን ያስፈልጋል?» የሚለው ነው። መልሱን የሰጠው ሁለቱንም ካስቀመጠ በኋላ ነው።

ታዲያ አንድ የማውቀው ልጅ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ የወጣቶች የትምህርት ጉባኤ ላይ ሲያነሳ «ማን ልኮህ ነው?» ተባለ። ከዚያ ወዲህ እግሩ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ክርክር ሰምቶ አይደለም የራቀው። የሚሰማው አጥቶ ነው።

«ሳይንስ በአንድ ወገን፣ እምነት በሌላ ወገን»

ባጭሩ፦ ዓለም እየሰፋ ነው የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1927 ካቀረቡት አንዱ ጆርጅ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። የሰውን ዘረመል ያነበበውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስም አጥባቂ ክርስቲያን ነው። እሱ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ክሪስቶፈር ሂችንስ በሃይማኖት ላይ ምላሱ ከተሳለባቸው ኢአማንያን አንዱ ነበር። ካንሰር ሲይዘው ሕክምና እንዲያገኝ ከረዱት ሰዎች አንዱ ይኸው ኮሊንስ ነው። መድረክ ላይ የምናያቸው ሰዎች ከመድረክ ሲወርዱ ጠላቶች ናቸው ብለን የምናስበውም እንግዲህ ልክ አይደለም።

«ያሸነፈው እሱ ነው እውነት ያለው»

ማን አሸነፈ? ማን ቆጠረው?

እ.ኤ.አ. በ1860 ኦክስፎርድ ውስጥ ጳጳሱ ሳሙኤል ዊልበርፎርስ ስለ ዳርዊን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ ከላይ ካነሳሁት ከሁክስሊ ጋር ተጋጠመ። «በአያትህ በኩል ነው በሴት አያትህ በኩል ከዝንጀሮ የተወለድከው?» አለው የሚባለው የዚያን ቀን ነው። ነገሩ ግን ቃል በቃል የጻፈው ሰው አልነበረም። ታሪኩ የደመቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሁክስሊ አሸነፍኩ ብሎ ወጣ። ጳጳሱም እንደዚያው። እዚያው የተናገረው የእጽዋት ተመራማሪው ጆሴፍ ሁከር ደግሞ ለዳርዊን ሲጽፍ ድሉን ለራሱ ሰጠ።

እሺ፣ ድምፅ ሲቆጠርስ? እ.ኤ.አ. በ2010 ቶሮንቶ ላይ ሂችንስና የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር «ሃይማኖት ለዓለም በጎ ኃይል ነው» በሚል ርዕስ ተከራከሩ። ልብ በሉ፣ ርዕሱ ስለ እግዚአብሔር መኖር አይደለም። ከክርክሩ በፊት ተመልካቹ ድምፅ ሲሰጥ 22 በመቶው ደገፈ፣ 57 በመቶው ተቃወመ፣ 21 በመቶው አልወሰነም። ሲያልቅ ደጋፊው 32፣ ተቃዋሚው 68 በመቶ ሆነ። «ሂችንስ አሸነፈ» ተባለ። ቁጥሩን ስታዩት ግን ሁለቱም ወደ 10 በመቶ ገደማ ነው የጨመሩት። አማኞቹ ይህን አይነግሯችሁም፣ ኢአማንያኑም አይነግሯችሁም።

አንደበተ ርቱዕ መሆንና ትክክል መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የድሬ ደላላ ያከራየውን ቤት ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

«አንድ ጥሩ መልስ ሰውን ይለውጣል»

አይለውጥም። አንቶኒ ፍሉ የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በኢአማኒነት ሲጽፍና ሲከራከር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2004፣ በ81 ዓመቱ፣ ፈጣሪ አለ ብሎ እንደሚቀበል ታወቀ። አማኞች «ተረታ!» እያሉ ስሙን ያነሳሉ። እሱ ግን ክርስቲያን አልሆነም። የተቀበለው እንደ አርስቶትል ያለ፣ በሰው ሕይወት ጣልቃ የማይገባ ፈጣሪን ነው። በተቃራኒው ዳን ባርከር የሚባል አሜሪካዊ ለዓመታት ወንጌል ሰባኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እምነቱን መተዉን ተናገረ። ዛሬ በኢአማኒ ወገን ይከራከራል። እሱም በአንድ ሌሊት አልሆነም። በሁለቱም ወገን ለዓመታት የተብላላ ነገር ነው።

«የፈረንጅ አመጣሽ ነገር ነው»

አቦ፣ ይሄን ማን አመጣው? አገራችን በላ ልበልሃ የሚባል የሙግት ሥርዓት ነበራት። ሁለት ተሟጋቾች በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ፣ በግጥም እየተጠያየቁ ዛፍ ሥር ይቆማሉ። መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ይፈርዳል። በሃይማኖት ጉዳይም ተከራክረናል። ክርክሩን ሥልጣን ሲዘጋው ምን እንደሚመስልም አይተናል፤ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ያበቃው የሊቃውንቱ ሙግት በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ነው የተቋጨው፣ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ።

ሕንድን ደግሞ እዩ። ጎራ በሚል ስም የሚታወቀው ኢአማኒ ከማሕተመ ጋንዲ ጋር ስለ እግዚአብሔር ረጅም ውይይት ያደርግ ነበር። ሁለቱም አልተለወጡም። ሁለቱም ግን ሰውን በዘር «አትንኩት» ብሎ ማግለልን ይጠሉ ነበር። ጎራ ልጁን «የማይነካ» ከሚባለው ወገን ለሆነ ወጣት ሊድር ሲነሳ ጋንዲ ሠርጉ በራሱ መንደር እንዲሆን ተስማማ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1948 ጋንዲ ተገደለ፣ ሠርጉን አላየም። ሠርጉ ግን እዚያው ተፈጸመ።

«እምነት የለኝም ያለ ሰው ሕግ አይጠብቀውም»

ይጠብቀዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የማሰብ፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነት የሚሰጠው «ለማንኛውም ሰው» ነው። የሰውን አምልኮ ማወክና የሚያከብረውን ነገር ማርከስ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የወንጀል ሕጉ ያስጠይቅበታል። ይሄም ኢአማኒውን ብቻ ሳይሆን ሁላችንንም የሚመለከት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኩን ሰብስበን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጥነው። የራስልንና የኮፕልስተንን ክርክር ጽሑፍ ይዤ ሄጄ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። አንድ ደንብ አወጣን፦ ለመመለስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሌላውን ሐሳብ ይድገም፤ ያኛው «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ መልስ የለም። የእናቱ ምሳሌ ላይ ብቻ ሻዩ ሁለቴ ተቀዳ። ዲያቆኑ ጓደኛችን ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ነው «አዎ» የተባለው። ጥግ የሚቀመጠው ልጅ ነበር «አዎ» ያለው። ከዚያ ወደ መሃል ጠጋ ብሎ ስኒውን አስቀመጠና «እንግዲህ የኔን ጥያቄ ልንገራችሁ» ብሎ ጀመረ።