ረጅም ቀረጻ ምንድን ነው? የሀንጋሪ ዳይሬክተሮች «ከት» ለማለት የማይቸኩሉት ለምንድን ነው?

ረጅም ቀረጻ ማለት ካሜራው ከ«አክሽን» እስከ «ከት» ሳይቋረጥ ያነሳው፣ ኤዲተሩም መሃሉን ሳይነካ እንዳለ ያስገባው የፊልም ክፍል ነው። ስንት ደቂቃ ሲሞላ «ረጅም» ይባላል የሚል ሕግ የለም። አብዛኛው የገበያ ፊልም በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚቆረጥ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይቆረጥ ሲሄድ የተመልካች ዓይን ወዲያው ያውቀዋል። ከ«ሎንግ ሾት» ጋር ግን አይምታታ። ሎንግ ሾት ካሜራው ራቅ ብሎ ሰውየውን ከነአካባቢው ሲያሳይ ነው፤ ሁለት ሰከንድም ቢሆን ሎንግ ሾት ነው። ያኛው የርቀት ነገር ነው፣ ይኸኛው የጊዜ። ሀንጋሪዎች «ሆሱ ቤአሊታሽ» ይሉታል፤ ቃል በቃል ቢፈታ «ረጅም አቀማመጥ» እንደማለት ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሚክሎሽ ያንቾ በ1974 የግሪኮቹን የኤሌክትራን ታሪክ ሲሠራ 70 ደቂቃ ገደማ የሚሆነውን ፊልም በ12 ቀረጻ ጨረሰው። በአማካይ አንዱ ቀረጻ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቤላ ታር በ2000 ያወጣው «የወርክማይስተር ስምምነቶች» 145 ደቂቃ ሲሆን 39 ቀረጻ ብቻ አለው። በ2011 የመጣው «የቱሪን ፈረስ» ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኖ 30 ቀረጻ ነው። በዚያው ርዝመት የሚሠራ ተራ የድርጊት ፊልም ከሺህ በላይ ቁራጭ ሊኖረው ይችላል።

ይህን ሁሉ ችሎታ ለማሳየት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ፊልም ላይ እውነታቸውን ነው። የሀንጋሪዎቹን ጉዳይ ለመረዳት ግን መቁረጥ ራሱ ምን እንደሚሠራ ማየት ይገባል። በተለመደ የወንጀል ፊልም መርማሪው ጠይቆ ዝም ይላል፤ ይቆረጥና የተጠርጣሪው ዓይን ይታያል፤ ይቆረጥና አልጋ ሥር ያለው ቢላዋ ይታያል። በሦስት ቁራጭ ተመልካቹ ከመርማሪው ቀድሞ አወቀ። መቁረጥ ለተመልካች ማስረዳት ነው። ረጅም ቀረጻ ይህን እርዳታ ይነሳል። ተመልካቹ እንደ ተጠርጣሪው ክፍሉ ውስጥ ይቆለፋል፤ ከጀርባው ማን እንደቆመ የሚያውቀው ካሜራው ሲዞር ነው።

የዚህ አካሄድ መነሻ የታሪክም የወንጀል ምርመራም የሆነ አንድ ፊልም ነው፤ ያንቾ በ1966 ያወጣው «ሰጌኝለጌኝየክ»፣ ትርጉሙም «ድሆቹ ጎበዞች»። በ1848 ሀንጋሪዎች ከኦስትሪያ ሆኖ በሚገዛቸው የሃፕስቡርግ ቤተ መንግሥት ላይ ተነሡ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሩሲያው ዛር ጦር እርዳታ ተደመሰሱ። ከአመፁ የተረፉት ብዙዎቹ በሜዳው አገር ሸፈቱ፤ ስመ ጥሩ ሽፍታ ሻንዶር ሮዣ ነበር። በ1867 ሀንጋሪና ኦስትሪያ ከታረቁ በኋላ፣ ጌደዮን ራዳይ የተባለ ባለሥልጣን እነዚህን ሽፍቶች እንዲያጠፋ ተሾመ። ፊልሙ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ገበሬዎች ሜዳ መሃል ባለ ግቢ ውስጥ ታጉረዋል፤ መርማሪዎቹ የሮዣ ሰዎች የትኞቹ እንደሆኑ ማወቅ ይፈልጋሉ። ጋይዳር ለሚባለው እስረኛ «ካንተ የበለጠ ሰው የገደለ ካገኘህልን ገመዱ ይቀርልሃል» ይሉታል። ሰውየው እስረኞቹ መሃል ገብቶ መፈለግ ይጀምራል።

በዚህ ፊልም ቀረጻዎቹ ገና ያን ያህል አልረዘሙም፤ ዘዴው የተወለደው ግን እዚህ ነው። ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ካሜራው አብሮ ይሄዳል፣ በመሃል አለቃ የመሰለው ሰው በሌላ አለቃ ይታዘዛል። ጩኸት የለም፣ ደምም እምብዛም አይታይ፤ ነጭ ግድግዳ፣ ራሳቸው በጆንያ የተሸፈነ ሰዎች፣ ከጀርባቸው ማለቂያ የሌለው ሜዳ። ሀንጋሪዎች በሶቪየት በሚደገፈው መንግሥት ላይ ያነሡት የ1956ቱ አመፅና ከዚያ በኋላ የመጣው እስርና ግድያ ገና ትኩስ ነበር። ፊልሙ በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ሲቀርብ ያንቾ ከቅርቡ ጊዜ ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ መናገር ግድ ሆነበት። ያመነው የለም።

ዘዴው ጎልምሶ የሚታየው በ1972ቱ ፊልሙ ላይ ነው፤ በካን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ያገኘበት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተነሡትን የገበሬ አድማዎች የሚተርክ። አንዱን ክፍል ጠጋ ብለን እንየው። ገበሬዎች ተያይዘው እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። ወታደሮች ዙሪያውን ይመጣሉ። ካሜራው በሐዲዱ ላይ እየተንሸራተተ በሌንሱ ይቀርባል፣ ይርቃል። ወታደሮቹ ቀስ በቀስ ጭፈራው ውስጥ ይገባሉ፤ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ተመልካች እፎይ ይላል። ከዚያ ይጠራሉ፣ ከሕዝቡ ተነጥለው ይወጣሉ፣ ክብ ይሠራሉ፣ መሃል ያለውን ይተኩሱበታል። «እዚህ ጋ ወዳጅ ነበሩ፣ እዚህ ጋ ጠላት ሆኑ» ብሎ የሚለይ መቀስ ስላልገባበት ለውጡ የት እንደጀመረ በጣት ማመልከት አይቻልም። አስፈሪነቱም እሱ ነው።

እንዴት ይሠራል? የመጀመሪያው ወሰን የፊልሙ ጥቅል ነው። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ሲሮጥ በደቂቃ 27 ሜትር ገደማ ይበላል። ትልቁ የ300 ሜትር ጥቅል 11 ደቂቃ ያህል ይሰጣል፤ በትከሻ ለሚያዝ ካሜራ የሚሆነው የ122 ሜትሩ ጥቅል አራት ደቂቃ ተኩል ብቻ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አንድ አጃቢ ተዋናይ ቢደናቀፍ የጠፋው አንድ ቃል አይደለም፤ ጥቅሉ በሙሉ ነው። ስለዚህ ቀኑ የሚያልፈው በልምምድ ነው፣ ፊልም የሚጫነው ሁሉም እርምጃውን ሲያውቅ።

ቀጥሎ ሐዲዱ። የካሜራው ጋሪ የሚሄድበት ሐዲድ ሣር ሜዳ ላይ ሲነጠፍ ከሥሩ ጣውላና ሽብልቅ ይገባለታል፤ አንድ መጋጠሚያ ከፍ ቢል ምስሉ ይነጥራል። ካሜራው ብዙ የሚዞር ከሆነ ደግሞ የራሱን ሐዲድ ያያል። መፍትሔው ሰው ወይም ፈረስ በትክክለኛው ሰከንድ ፊት ለፊት እንዲያልፍ ማድረግ፣ ወይም ሐዲዱን ጠመዝማዛ አድርጎ መንጠፍ ነው። ያንቾ የሚያቀርብና የሚያርቅ ሌንስም አብዝቶ ይጠቀም ነበር፤ ጋሪው ባለበት ቆሞ ፊትም ሜዳም ማሳየት ይችላል።

ከሁሉም ይልቅ ሰው የማያስታውሰው ፎከስ (የምስሉን ጥራት) የሚይዘውን ረዳት ሥራ ነው። እያንዳንዱን መቆሚያ በሜትር ይለካል፣ መሬቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ በቀረጻው ወቅት ሌንሱን በእጁ እያዞረ ይከተላል። ተዋናዩ ግማሽ እርምጃ ቢያልፍ ፊቱ ይደበዝዛል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ቤት ውስጥ ካሜራው በየአቅጣጫው ስለሚያይ መብራት የሚደበቅበት ጥግ የለም፤ ከመስኮት ውጭ ወይም ከላይ ይሰቀላል። ሜዳ ላይ ደግሞ ደመና መሃል ላይ ከመጣ አለቀ፣ እንደገና።

ድምፁስ? ያንቾ ቀረጻው እየሄደ ሳለ ለተዋንያኑ እየጮኸ ይመራቸው ነበር፤ ድምፁ የሚገባው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነውና። ምስልና ድምፅ አብረው ይቀረጹ የሚል ዳይሬክተር ይህን ነፃነት ያጣል።

ቤላ ታር ይህን ውርስ ከሜዳው አውጥቶ ጭቃ፣ ዝናብና ጠጅ ቤት ውስጥ አስገባው። የወንጀል ታሪክም አልጎደለውም። «ከለንደን የመጣው ሰው» (2007) ከጆርጅ ሲምኖን ልቦለድ የተወሰደ ነው። የባቡር መስመር ጠባቂ ወደብ ላይ ካለ ማማ ሆኖ ገንዘብ ያለበት ሻንጣ ከመርከብ ሲወረወርና ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ያያል። ካሜራው አብሮት ማማው ውስጥ ነው፤ ከመስኮት ወደ መስኮት ይሄዳል፣ የመስኮቱ ብረት ምስሉን እየቆራረጠ ያልፋል። የገዳዩን ፊት አቅርቦ የሚያሳይ የለም። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን እጅ፣ ሻንጣ፣ ውሃ እያለ ሃያ ቁራጭ ባደረገው ነበር።

ከታር ሥራ አንድ ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው በ«ወርክማይስተር» ውስጥ ያለውን የሆስፒታሉን ክፍል ይይ። የተቆጣ ሕዝብ ሆስፒታል ሰብሮ ይገባል፤ ክፍል በክፍል እየሄደ ታማሚ ይደበድባል፣ አልጋ ይገለብጣል። ጩኸት አይሰማም፤ የእግር ኮቴና የዱላ ድምፅ ብቻ። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች መጋረጃ ገንጥለው ሲጥሉ፣ ገንዳ ውስጥ የቆመ አጥንቱ የወጣ ራቁት ሽማግሌ ያጋጥማቸዋል። ቆሙ። ዞሩ። ወጡ። እስከዚያ ድረስ አንዴም ስላልተቆረጠ ተመልካቹ ፊቱን የሚያዞርበት ፋታ አላገኘም፤ ስለዚህ ያ መቆም ይመታል።

ይኸው ዘዴ ሲከሽፍ ክሽፈቱ አይሸፈንም። በተለመደ አሠራር አንዱ ትዕይንት ከሦስት አራት ማዕዘን ስለሚቀረጽ ኤዲተሩ የደከመውን መሃል ቆርጦ በሌላ ማዕዘን ይሸፍነዋል። እዚህ ሌላ ማዕዘን የለም። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ያለ አሥር ሰከንድ ሞቶ ከሆነ፣ ወይ ተቀብሎ መኖር ወይ ቀረጻውን በሙሉ መጣል ነው። የፊልሙ ፍጥነት የሚወሰነው በቀረጻው ቦታ ነው። የታር ኤዲተር አግነሽ ህራኒትስኪ ከ«ወርክማይስተር» ጀምሮ ተባባሪ ዳይሬክተር ተብላ መጻፏም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሌላው ስህተት ቀረጻውን ሰው ሲሄድ በመከተል ብቻ መሙላት ነው። በመንገዱ ላይ የኃይል ሚዛን ካልተለወጠ ወይም አዲስ ነገር ካልታወቀ፣ ያ ረጅም ቀረጻ ሳይሆን ያልተቆረጠ ቀረጻ ነው።

የሀንጋሪ የወንጀል ፊልም ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። የቡዳፔስት ሜትሮ ውስጥ የሚካሄደው የኒምሮድ አንታል «ኮንትሮል» (2003) ፈጣን ነው፣ እየተቆራረጠ ይሮጣል፤ ለታሪኩም ያ ይስማማዋል።

ዘዴውን ለአዲስ ትውልድ ያሸጋገረው በወጣትነቱ የታር ረዳት የነበረው ላስሎ ኔሜሽ ነው። «የሳውል ልጅ» (2015) በ1944 ኦሽዊትዝ ውስጥ፣ አስከሬን እንዲያቃጥሉ ከሚገደዱት እስረኞች አንዱን ይከተላል። በካን ታላቁን የዳኞች ሽልማት፣ በሚቀጥለው ዓመት ኦስካር አገኘ። ካሜራማኑ ማትያሽ ኤርዴይ በ40 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሳውልን ማጅራትና ፊት ከቅርብ ይይዛል፤ ያተኮረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ደብዝዟል። ምስሉም ሰፊ አይደለም፣ ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ነው። ያንቾ ሜዳውን በሙሉ ሲያሳይ ኔሜሽ ዓይናችንን ከለከለ። የደበዘዘውን የሚነግረን በየቋንቋው የሚጮኸው ትእዛዝ፣ የሚዘጋው የብረት በር፣ ከወዲያ ሆኖ በሩን የሚደበድበው እጅ ነው። ፊልሙን ያላየ ይህችን ይዝለላት፤ የመጨረሻው ቀረጻ ሳውልን ትቶ ወደ ጫካ የሚሮጥ ትንሽ ልጅ ይከተላል። ተኩሱ የሚሰማው ከጀርባ ነው። ካሜራው አይዞርም።