«ሽቦው አጥሮ እንዴት ብዙ ይበላል?» ስለ ኮረንቲ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ እማማ አስጠሩኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል። ሦስተኛው እንጀራ ላይ ሲደርሱ ግን ብሬከሩ ቷ ይልና ይወድቃል። ይመልሱታል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይወድቃል። ምጣዱን ነቀልነው፣ ሲበርድ ገለበጥነው። ከሥር ያለው ጀሶ ተፈርፍሯል። ጠመዝማዛው ሽቦ፣ በየሱቁ «ሪዚስታንስ» ተብሎ የሚሸጠው፣ ከወር በፊት ተቃጥሎ ተጠግኗል። ጠጋኙ የተቃጠለውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ፣ የቀረውን ሳብ ሳብ አድርጎ ቦዩ ውስጥ መልሶ አስተኝቶታል።

«ሽቦው አጥሯል» አልኳቸው።

«ታዲያ ካጠረ ጥሩ አይደል? አጥሮ እንዴት ብዙ ይበላል?»

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ቤት ከሠሩ፣ ልጅ ካሳደጉ፣ ሱቅ ከከፈቱ ሰዎች። ከኮረንቲ ጋር አብረን እየኖርን ስለ እሱ የያዝነው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ አንዳንዱ ስህተት ገንዘብ ብቻ ነው የሚያስወጣው፣ አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ በእማማ ምጣድ ልጀምር።

«ሽቦ ሲያጥር ሙቀቱም ያንሳል»

ተቃራኒው ነው። ከሶኬቱ የሚመጣው ቮልት ያው ነው፣ 220 አካባቢ። ስንት አምፔር እንደሚፈስ የሚወስነው ሽቦው ኮረንቲን ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ነው፣ እሱም በኦም ይለካል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ቀላል ነው፤ ቮልቱን ለኦሙ አካፍሉት፣ አምፔሩ ይወጣል። 3500 ዋት የሚባል ምጣድ ወደ 14 ኦም ይለካል። 220 ለ14 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። የእማማን ስለካው 9 ኦም ከምናምን ሆነ። ከሽቦው ሲሶው ተቆርጦ ተጥሏል ማለት ነው። አሁን የሚስበው ወደ 24 አምፔር ነው፣ ዋቱም ከ5000 አልፏል።

ረጅም ቀጭን ቱቦ ውሃ ለማሳለፍ ያስቸግራል፣ አጭሩ ይቀለዋል። ሽቦም እንደዚያ ነው። ደግሞ ሌላም አለ። ያጠረው ሽቦ የበለጠ ሙቀት በትንሽ ርዝመት ላይ ስለሚሸከም እያንዳንዷ ጣት የምታህል ቁራጭ ከበፊቱ ይልቅ ትግላለች፣ ቶሎም ትቃጠላለች። ተቃጠለ ተብሎ ይቆረጣል፣ ያጥራል፣ የባሰ ይግላል፣ እንደገና ይቃጠላል። አንዴ እንዲህ የተጠገነ ምጣድ ጤና የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው አዲስ ሙሉ ሪዚስታንስ ገዝቶ ቦዩን በእኩል መሙላት ነው።

«ብሬከሩ ደካማ ነው፣ ትልቁን እናስገባ»

የእህታቸው ልጅ 32 አምፔር ብሬከር ገዝቶ ይዞ ቆሞ ነበር። የነበረው 16 ነው። ልጁ ደግ አስቦ ነው፣ አክስቱ እንጀራ መጋገር እንዲችሉ ነው። ግን እጁን ያዝኩት።

ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም። በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው የሚጠብቀው። ሽቦ ራሱ ትንሽ ኦም አለው፣ ስለዚህ ኮረንቲ ሲያልፍበት ይሞቃል። ያውም ሙቀቱ የሚያድገው በካሬ ነው። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለ16 አምፔር የተዘረጋ ሽቦ 32 ቢያልፍበት በልስኑ ውስጥ ላስቲኩ እየቀለጠ፣ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ማንም አያየውም፣ ሽታው ሲወጣ ብቻ ነው የሚታወቀው። የሚወድቅ ብሬከር እየነገራችሁ ነውና ስሙት። ፊውዝ ተቃጠለ ብሎ የመዳብ ሽቦ አጣምሮ ማስገባትም ያው ጥፋት ነው።

«ብሬከር ስላለን ኮረንቲ አይገድለንም»

ይህ በጣም ያስፈራኛል። ምክንያቱም ሰው በልበ ሙሉነት እጁን ይሰዳል።

ቁጥሩን እዩት። 16 አምፔር ማለት 16 ሺህ ሚሊአምፔር ነው። የሰው ልብ ግን ከ30 ሚሊአምፔር ከፍ ሲል፣ ጊዜው ረዘም ካለ፣ አደጋ ላይ ይወድቃል። እጁ የረጠበ ሰው ወደ 1000 ኦም አካባቢ ሊሆን ይችላል። 220 ለ1000፣ 220 ሚሊአምፔር። ይህ ሰውን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ለ16ቱ ብሬከር ግን ከአንድ አምፖል አይበልጥበትም። ምንም ሳይመስለው ቆሞ ይቀራል።

ሰውን የሚያድነው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡት «ሊኬጅ» ይሉታል። መሞከሪያ ቁልፍ አለው። በፌዝ፣ በወጪው ሽቦ፣ የወጣውን ኮረንቲ በኒውትራል፣ በመላሹ ሽቦ፣ ከተመለሰው ጋር ያስተያያል። 30 ሚሊአምፔር ከጎደለ፣ «በሌላ መንገድ እየሄደ ነው፣ ምናልባት በሰው ውስጥ» ብሎ በቅጽበት ይቆርጣል። ሻወር ቤት ውስጥ የውሃ ማሞቂያ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አስገቡ። ልጆች ባሉበት ቤትማ ጥያቄ ውስጥ የሚገባ አይደለም።

ግን የወጣውና የተመለሰው እኩል መሆን አለበት የሚለው ነገር ራሱ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ወደ እሱ ልለፍ።

«ኮረንቲ ዕቃው ውስጥ ገብቶ ያልቃል»

ለእኔ የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት። ከሶኬት ብዙ ኮረንቲ ይወጣል፣ ምጣዱ ይበላዋል፣ ትንሽ ይመለሳል ብለን እናስባለን። በወጪው ሽቦ 16 አምፔር ከሄደ በመላሹም 16 አምፔር ነው የሚመለሰው። አይጎድልም።

ታዲያ ቆጣሪው ምን ይቆጥራል? የወፍጮ ቤትን ቺንጋ አስቡ። ከሞተሩ ወደ ወፍጮው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ጤፉ ተፈጭቶ ሲያልቅ ከቺንጋው አንድ ስንዝር አልጎደለም። ቺንጋው ያደረሰው ጉልበት ነው፣ እኛም የከፈልነው ለጉልበቱ ነው። በሽቦ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች እንደ ቺንጋው ናቸው። እንዲያውም ፍጥነታቸው ሲሰላ ሰው ይገርመዋል፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ 16 አምፔር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በሰከንድ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። ጉንዳን ትቀድማቸዋለች። በቤታችን ኮረንቲ ደግሞ ጭራሽ ወደ ፊት አይጓዙም፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንጂ። መብራቱ ወዲያው የሚበራው ቺንጋው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ስለሚነቃነቅ ነው።

በቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የባትሪ ድንጋይ ሁለት፣ አንድ ዓይነት ትንንሽ የእጅ ባትሪ አምፖል ሁለት። አምፖሎቹን ተከታትለው እንዲቆሙ በአንድ መስመር አገናኟቸው። ኮረንቲ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው አምፖል ይፈዝ ነበር። ሁለቱም እኩል ነው የሚበሩት፣ እኩል ደብዘዝ ብለው። ልጆቻችሁን አስቀምጡና አሳዩአቸው።

«ኮረንቲ መሬት ገብቶ ይጠፋል»

አይጠፋም፣ ወደመጣበት ትራንስፎርመር ይመለሳል። የትራንስፎርመሩ ኒውትራል ከመሬት ጋር ታስሯል፤ መሬት ላይ ቆሞ ፌዝ የነካ ሰው የሚነዝረው ዙሩ በእሱ ሰውነት ስለሚዘጋ ነው። ወፏ ሁለት እግሯን አንድ ሽቦ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ምንም የማትሆነውም ዙሩ ስለማይዘጋ ነው።

«ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቻለሁ፣ ሽቦው ሞቷል»

ሞቶ ላይሆን ይችላል። ገጣሚው ፌዙን በማቋረጥ ፈንታ ኒውትራሉን በማብሪያው ካሳለፈው አምፖሉ በትክክል ይጠፋል፣ ይበራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ግን ጠፍቶም ፌዙ አምፖል መያዣው ውስጥ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ያለ ሥራ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። አምፖል ልትቀይሩ በብረት መሰላል ስትወጡ ከዋናው አጥፉ። ከዚያም በቴስተር ካቻቢቴ ነክታችሁ እዩ፣ ቴስተሩንም አስቀድማችሁ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩት።

«ትልቅ አምፔር ያለው ቻርጀር ስልክ ያቃጥላል»

ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው አምፔር ከፍተኛ አቅሙ ነው። ስልኩ የፈለገውን ያህል ብቻ ይስባል። መመሳሰል ያለበት ቮልቱ ነው። ፈጣን ቻርጀሮችም ከ5 ቮልት ወደ 9 የሚወጡት ከስልኩ ጋር ተነጋግረው ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ሲያስነሳ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይሰጣል፣ በደረቅ እጅ ሁለቱን ጫፍ ብትይዙት ግን 12 ቮልት ቆዳችሁን አልፎ የሚሰማችሁ ነገር የለም። ቁልፍ መፍቻ በሁለቱ ጫፍ መሀል ቢወድቅ ግን ብረቱ ግሎ ይቀላል፤ የብረት ኦም ኢምንት ነውና።

«ኃይል ሲቀንስ ምጣድ ብዙ ይቆጥራል»

ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የደህናው ምጣድ ዋት ከ3500 ወደ 2300 አካባቢ ይወርዳል። ቆጣሪው የሚሮጥበት ፍጥነት ይቀንሳል። የሚጎዳው ጊዜው ነው፤ እንጀራው ዓይን ለማውጣት ይዘገያል፣ ምጣዱ እስኪግል ሙቀት በከንቱ ይባክናል፣ ስለዚህ በመጨረሻ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ፍሪጅ ግን ሌላ ነው፣ ሞተሩ ሲያቅተው ብዙ አምፔር ይስብና ይቃጠላል። ስታቢላይዘር የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

«ህዳሴው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቆ ለምን ኃይል ይቀንሳል?» የሚሉኝም አሉ። ከግድቡ እስከ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል ለዚያው ጉልበት አምፔሩ ስለሚያንስ በመንገድ የሚባክነው ሙቀት ጥቂት ነው። ችግሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤታችሁ ባለው ቀጭን ሽቦ። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ የጎደለው 40 ቮልት እዚያ ሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ግድብ ቢጨመር ያ ሽቦ አይወፍርም።

«ሶኬት ላይ ሲሰካ ቆጣሪ የሚቀንስ ዕቃ አለ»

ከፍቼ ያየሁት አንዲት ካፓሲተር፣ ማለትም ኮረንቲ ለአፍታ የምታጠራቅም ዕቃ፣ እና አንዲት አረንጓዴ መብራት ነበረው። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው በትክክል የተጠቀማችሁትን ጉልበት በኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ካፓሲተር ደግሞ ያንን አይቀንስም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

«ነቅዬዋለሁ፣ አሁን መክፈት እችላለሁ»

ይህ ለጀማሪ ጠጋኞች ነው። የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ 220ውን ወደ 310 ቮልት ገደማ ለውጦ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል። ተነቅሎም ሊቆይ ይችላል። በካቻቢቴ ሾርት አታድርጉት፣ በሪዚስተር አራግፉትና በመልቲሜትር ለኩ። የማይክሮዌቭ ካፓሲተር ከ2 ሺህ ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል። ሥራውን ካላወቃችሁ ማይክሮዌቭ አትክፈቱ።

የእማማ ምጣድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አዲሱ ሪዚስታንስ 14 ኦም ተለካ። ጀሶው እስኪደርቅ እሑድን ጠበቅን። ሰኞ ሃያ ሁለት እንጀራ አወጡ፣ የድሮው ባለ 16 ብሬከር አንዴም አልወደቀም። ልጁ 32ቱን ወደ ሱቅ መልሶ ሊኬጅ ይዞ መጣ፣ ለሻወር ቤቱ።